ኧረ ስንት ሚሊሜትር ይበቃችኋል?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ አበው። ዘንድሮ ጉዱ ተሰማ፣ መስከረምም ጠባ፣ ጥቅምትም ገባ፤ ጉዱ ግን አላልቅ አለ። የወንድሜ ልጅ ለዘወትር የሚይዘው የካሜራ ሌንስ እየመረጠ ነው። ካሜራ አላልኩም፤ ካሜራውንማ መርጦ ገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦታል። ሌንሱን ነው! ዙሙን! ክረምቱን ሙሉ ጋቢ ተከናንቦ፣ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ «24–70 ይሻላል ወይስ 24–105?» ሲል ከረመ። በእኛ ጊዜ ሰው በዚህ ሁሉ ቀን ሚስት መርጦ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ዳስ ጥሎ፣ ሰርጉንም መልሱንም ቅልቅሉንም ይጨርስ ነበር። የሚዘገየው ፎቶግራፉ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ይደርሳል፣ የመጀመሪያው ልጅ ጥርስ ሲያበቅል።

የዘመኔ ሰዎች፣ አላችሁ? ጉርድ ፎቶግራፍ ለመነሳት ጸጉራችሁን ቫዝሊን ቀብታችሁ ፎቶ ቤት ደጃፍ የተሰለፋችሁ፤ ሠላሳ ስድስት የምታነሳዋን ፊልም ከፋሲካ እስከ ገና ያብቃቃችሁ፤ «ፎቶዬስ የት ደረሰ?» የሚል ዘመድ ከሩቅ ስታዩ በሌላ መንገድ የዞራችሁ፤ ለእናንተ ነው የማወራው። ሌላው ቢሰማም አይገባው። ደግሞስ መቼ ይሰማል? ጆሮው ውስጥ ነጭ ነገር ሰክቶ አይደል የሚሄደው።

የእኔ ካሜራ ዜኒት ነበር፤ አሁንም ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣልኝ፣ ብረቱ የማያልቅ፣ ባትሪ የማይጠይቅ ዜኒት ኢ። ፊቱ ላይ ተጠምዝዛ የምትገባው ሄልዮስ የምትባል ባለ 58 ሚሊሜትር ሌንስ ናት፤ ቀዳዳዋ እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል። በቃ። ምርጫ የለም፤ ምርጫ ስለሌለ ጭንቀት የለም። ሰውየው ጎልቶ እንዲታይ ከፈለግህ ትቀርበዋለህ፤ እንዲያንስ ከፈለግህ ትርቀዋለህ። እግር ለምን ተፈጠረና! ያ ፈረንሳዊ፣ ዓለም ሁሉ መምህሬ የሚለው ካርቲየ ብሬሶን፣ ዕድሜውን በአብዛኛው ያሳለፈው በአንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። እኔ በ8 ሚሊሜትር እበልጠዋለሁ።

በእርግጥ ወደ ኋላ የሚርቅ ሰው አንዳንዴ ግድግዳ ያገኘዋል። የ58 እይታ ጠበብ ይላል፤ ከጥግ እስከ ጥግ 40 ዲግሪ ገደማ ነው። እህቴ ልጇን ክርስትና ስታነሳ ዘመድ አዝማዱ ጠባቡ ሳሎን ውስጥ ታጭቆ አልበቃ ሲለኝ፣ ግቢ ወጥቼ በመስኮት ነው ያነሳኋቸው። ዝናብ ነበር፤ ጎረቤቷ እትዬ ጃንጥላ ያዙልኝ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ስለነበረው ፎቶው ላይ ቤተሰቡ በሙሉ የታሰረ ይመስላል። ግን ምን ያለ ፎቶ! ያልገቡም ነበሩ። ያልገቡት የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ ማለቴ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ። ሥርዓት ነበረው። ዛሬ 24 ሚሊሜትር 84 ዲግሪ ይይዛል አሉ፤ ዘመዱም ጎረቤቱም የጎረቤቱ እንግዳም እኩል ይገባል። ጥግ ላይ የቆመው ደግሞ ራሱ ወደ ጎን ተለጥጦ ይወጣል። ከምትለጠጥ ብትቀር አይሻልህም?

ዙምን ግን የዛሬ ልጆች የፈጠሩት እንዳይመስላችሁ። ፎክትሌንደር በሚባለው የጀርመን ስም ዙማር የተባለ 36–82 ሚሊሜትር ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1959 ወጣ፤ ለ35 ሚሊሜትር ፎቶ ካሜራ የመጀመሪያው ዙም እሱ ነው። በ1963 ደግሞ ኒኮን 43–86ን አመጣ። ያኔ ሥራውን የሚያከብር ፎቶ አንሺ ዙምን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለው ግድግዳ ይጎብጣል ይል ነበር። እውነቱን ነው። እኔም ይህንኑ ለልጁ ልነግረው ተነስቼ፣ ዛሬ መስታወቱም ቅቡም ተሻሽሏል፣ ጉብጠቱንም ካሜራው ራሱ ያቃናዋል ብሎ አፌን አዘጋኝ። አያችሁ ክፋታቸውን? የምንነቅፈውን ነገር እንኳ አስተካክለው ወሰዱብን!

ለመሆኑ አርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲያነሳ ማን ዙም ሰጠው? ልጆቹስ ሥራውን ወርሰው እስከ ጃንሆይ ዘመን ሲያነሱ? ንጉሥ እንኳ ለካሜራ ሲባል ጸጥ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ የሁለት ዓመት ሕፃን ጸጥ አይልም፤ እሱን ለመከተል ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ መስታወት የሚገፋውና የሚሳበው።

ቁጥሩም ቢሆን እንደ ድሮው አይታመንም። ልጁ በፊት የያዘው ትንሽ ካሜራ 18–55 የተባለ ሌንስ ተገጥሞለት የሚሸጥ ነበር። «ጋሼ፣ ይቺ 18 እኮ እይታዋ የ29 ነው» አለኝ አንድ ቀን። ደነገጥኩ። ሴንሰሩ ከድሮው ፊልም ስለሚያንስ ዳሩ ይቆረጣል፤ ካኖን ከሆነ በ1.6፣ ኒኮን ወይም ሶኒ ከሆነ በ1.5 ታባዛለህ። ስለዚህ 18 ያልከው 29፣ 55 ያልከው 88 ሆኖ ቁጭ ይላል። ፎቶ ለማንሳት ማባዛት! ያቺን ሄልዮሴን በማገናኛ ቀለበት እዚያ ካሜራ ላይ ገጥመን ብናያት እይታዋ የ93 ሆነ። ከወንድሜ እጅ የተቀበልኳት 58 ናት፤ 35ቷን ማን ጨመረባት? ለዚህ ብሎ ነው አሁን ሴንሰሩ ከፊልሙ እኩል የሆነውን፣ ሙሉ ፍሬም የሚሉትን የገዛው። እኔን አማክሮ አይደለም። ቢያማክረኝም ያንኑ ነበር የምለው፤ ግን ያማክረኝ ነበር።

አሁን ወደ ኤፍ እንምጣ፤ ሰው ከሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። በ24–70ው ወገን ኤፍ 2.8 አለ፤ በ24–105ው ወገን ኤፍ 4። ከቁጥሩ ስታዩት ልዩነቱ ኢምንት ነው። በብርሃን ግን ኤፍ 4 የሚያስገባው የኤፍ 2.8ን ግማሽ ነው። ርካሾቹ ዙሞች ደግሞ ይብሳሉ፤ ሳታጎላ ኤፍ 3.5 የነበረው ወደ ራስህ ስታቀርበው ኤፍ 5.6 ይሆናል፣ ሰውየው በቀረበ ቁጥር ቤቱ ይጨልማል። የእኔ ሄልዮስ ኤፍ 2 ናት። የኤፍ 4ን አራት እጥፍ ብርሃን ታስገባለች። ይህን ስነግረው ልጁ አንገቱን ደፋ። ብርሃኑ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን አልነገርኩትም፤ በኤፍ 2 ስትከፈት የሰውየው አፍንጫ ጥርት ብሎ ጆሮው ጉም ይሆናል። ጆሮ ደግሞ ለማን ፎቶ ጠቅሞ ያውቃል?

የኤፍ 4 ጠበቆች መልስ አላቸው፦ «የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያርም መሣሪያ አለው።» የማን እጅ ነው የተንቀጠቀጠው? የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ የሚንቀጠቀጠው የዛሬ ስኒ ነው፣ ቀጭን አድርገው ስለሚሠሩት። ደግሞስ መሣሪያው የሚያርመው የያዡን እጅ እንጂ የተነሺውን ትከሻ አይደለም። ማታ ቤት ውስጥ አንድ አምፖል፣ እሱንም የዕጣኑ ጭስ ጋርዶት፣ ቡናው አቦል ላይ ሳለ እነ እትዬ ለእስክስታ ቢነሱ በአንድ ሠላሳኛ ሰከንድ የምታነሳው ትከሻ ሳይሆን ጭስ ነው። ያን ትከሻ ለማቆም አንድ 250ኛ ሰከንድ ያስፈልግሃል፤ ከዚያም በላይ፣ እንደ ጨዋታው ሙቀት። እዚህ ላይ 2.8ቱ ሚዛን ይደፋል። «አይኤስኦውን ከፍ አደርገዋለሁ፣ 6400 ብሞላውም ይችላል» አለ ልጁ። 6400! በእኛ ጊዜ ፊልሙ 100 ከሆነ 100 ነው፤ ማታ ማንሳት ካማረህ ጠዋት ታነሳለህ። እስክስታውንም ጠዋት ድገሙልን እንላለን። ይደግሙልን ነበር! ሰው ይታዘዝ ነበር እኮ።

ልጁ ለአንድ ሳምንት ልቡ ወደ 24–240 ሄዶ ነበር። ያን ጊዜ ልመርቀው ከወንበሬ ተነስቼ ነበር፤ አንድ ሌንስ ለሁሉ! የአባቱ ልጅ! ከሳሎን እስከ ጃን ሜዳ፣ ሳይፈቱ ሳይገጥሙ፣ አቧራ ወደ ውስጥ ሳያስገቡ፣ 750 ግራም ብቻ። በኋላ ዝርዝሩን ሲያነብልኝ መጨረሻው ላይ ኤፍ 6.3 ነው። ከኤፍ 2.8 ጋር ስታስተያዩት ብርሃኑ አንድ አምስተኛ ነው የሚሆነው፤ ቡናው ክፍል ውስጥ አይነሳም፣ ዕጣኑም አይነሳም፣ እትዬም አይነሱም። እንዲህ ያለ ሁሉን ልሥራ ባይ ሌንስ መሐሉ ደህና ቢሆንም ዳሩ ላይ ይለሰልሳል። አንዳንዱማ ሲያረጅ፣ ካሜራውን ወደ መሬት ስታዞረው አንገቱ ቀበቶ እንደሌለው ሱሪ እየተንሸራተተ ይወርዳል። አንድ ሌንስ ለሁሉ የሚባለው ምን ዓይነት ስንፍና ነው! ብዬ ተቀመጥኩ።

ክብደቱንስ ያዙልኝ። በካኖን ወገን 24–70 ኤፍ 2.8 900 ግራም ነው፤ 24–105 ኤፍ 4 700 ግራም። ከሁሉ የሚገርመው 28–70 የሚባል፣ ኤፍ 2 የሚከፈት አለ፤ 1,430 ግራም ይመዝናል፣ ካሜራው ሳይጨመር። ይህን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ለመርካቶ ወይም ለለቅሶ ቤት ወጣ አይባልም፤ ለጭነት ተቀጠረ ነው የሚባለው። የእኛ ካሜራ ቢከብድም ክብደቱ ለጤና ነበር። ዜኒቴን አንጠልጥዬ ስንቴ እንጦጦ ወጣሁ! አሁን አንገቴን ወደ ግራ ማዞር ቢያቅተኝ ከትራስ የተነሳ ነው፤ ሐኪሙ ሌላ ነገር ቢል ሐኪሙም የዛሬ ልጅ ነው።

የመስታወቱ አፍ ደግሞ! ለሄልዮሴ የምገጥማት ቢጫ ፊልተር 49 ሚሊሜትር ናት፣ በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኑሬያታለሁ። 24–105ው 77 ይጠይቃል፣ ከባዱ 24–70 ደግሞ 82። ለምንድነው እንዲህ የሚያዛጉት?

«ታዲያ ከ70 እስከ 105 ያለችው 35 ሚሊሜትር ምን ታደርግልሃለች?» ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። ጓደኞቹ አያስፈልግም ብለውታል፤ በ70 አንስተህ በኋላ ቁረጠው ብለውታል። ሲቆረጥ ግን ከ24 ሚሊዮን ነጥብ የሚተርፈው ወደ 11 ሚሊዮን ብቻ ነው። ፎቶ መቁረጥ! በእኛ ጊዜ ፎቶ የሚቆረጠው በመቀስ ነበር፣ እሱም በፍቺ ጊዜ። ያች 35 ሚሊሜትር እንዲያውም፣ ለእናንተ ስለሆነ ልናገር፣ ከሁሉ የምትሻለዋ ናት። ሰው ፊቱ የሚያምረው ራቅ ብለህ ከ85 እስከ 105 ባለው ስታነሳው ነው። በ24 አጠገቡ ሄደህ ከደቀንክበት አፍንጫው ቀድሞ ይደርሳል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል። ደግሞ ሳሎን ማዶ ተቀምጠህ በ105 ስታይ እነ እትዬ ካሜራ መኖሩን ይረሱታል፤ ጥርሳቸውን ሳይሸፍኑ ይስቃሉ። በዜኒት ጊዜ የሳቀ ሰው አንስቼ አላውቅም። ሁሉም ኮስተር ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ። ክብር ያለው ፎቶ ይሉታል ይሄን።

ያኔ ደግሞ ፎቶ አይዋሽም ነበር። ፎቶ ቤት ስትገባ ከኋላህ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አለ፤ ኮትና ከረባት ይሰጡሃል፣ ስልክ ጆሮህ ላይ ያስይዙሃል፣ ሽቦው የትም ያልደረሰ። ፎቶ አንሺው ኔጌቲቩ ላይ በእርሳስ ጠባሳህን ያጠፋልሃል። ያን ኮት ለብሶ የተነሳው የሰፈሩ ወጣት በሙሉ ነበር፣ በአንዱ ኮት። እኔም ተነስቻለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ አለ፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ፣ ድሮ ሚኒስትር ነበሩ እንዴ?» ይለኛል። ዝም እላለሁ። የዛሬዎቹ ግን ስልካቸው ፊታቸውን ሲያለሰልስላቸው አያፍሩም!

ስልክ ካነሳን፣ የልጁ ሚስት ይህን ሁሉ ክርክር ሰምታ ሰምታ በስልኳ አንስታን ገባች። ጀርባው ላይ ሦስት ዓይን አለው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ራቅ ያለውን የሚያይ፤ ስታጎላው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፣ በመሐል ያለውን ቆርጦ አሳድጎ ያሳይሃል፣ ዙም ነው ብሎም ይምልብሃል። ይህን ፎቶግራፍ አልለውም። የላከችልኝን ቴሌግራም ላይ ከፍቼ በሁለት ጣቴ እያጎላሁ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ሳይ አመሸሁ፤ ለመንቀፍ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ለአሥመራው ዘመዴ፣ ለእስራኤሏ ምራቴ፣ ለዱባዩ ልጅም ላክሁት፣ እነሱም ይንቀፉት ብዬ።

እንግዲህ ነገሩ የሚቆረጥበት ቀን ደረሰ። የልጁ እህት ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፤ ለጥምቀት ስትመጣ ሌንሱን በሻንጣዋ ይዛ ትመጣለች። እሑድ ደወለች። «ጋሼ፣ በእናትዎ እርስዎ ይወስኑልን፤ እሱ እስኪወስን እኔ ጡረታ ልወጣ ነው» አለች። ልጁ አጠገቤ ጥፍሩን ይበላል። ያን ጊዜ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የጥንት ሰው ሲፈርድ እንደሚደረገው ጥቂት ዝም ካልኩ በኋላ፣ 24–105 ኤፍ 4 ይምጣ አልኩ። ለዘወትር ነው፣ ሰው ዘወትር የሚሸከመው ቀለል ማለት አለበት። ጠባብ ሳሎን በ24 ይገባል፣ የእትዬ ሳቅ በ105 ይያዛል። ማታ ማታ ለእስክስታው ደግሞ ሄልዮሴ በማገናኛ ቀለበቷ ትመጣለች፣ ያቺም ኤፍ 2 ናት፤ ሲደንሱ ማነጣጠሪያዋን በእጅ ማዞር የሚችል ሰው ከተገኘ። ከሁሉም በላይ 58 ከ24ና ከ105 መሐል ናት፤ ሌንሱ ሲደርስ ቀለበቱን 58 ላይ አድርጌ በፕላስተር እለጥፍለታለሁ፣ እንዳይባክን።

ልጅቷ መረቀችኝ፤ በመሠረቱ መመረቅ የነበረባት እሷ ናት፣ እሱም ተገልብጧል። ስልኩን ለልጁ ልመልስለት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ለመሆኑ 70–200 ኤፍ 4 የሚባለው ስንት ይመዝናል?» አልኳት። ልጁ ከጎኔ «695 ግራም» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር። ያን ያህል ቀላል ነው እንዴ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁት። ጃን ሜዳ ታቦታቱ ሲወጡ ሕዝቡ እንደ ድሮው አያስቀርብም፤ ድሮም አያስቀርብም ነበር፣ ግን ያኔ በትሕትና ነበር የሚገፉህ። ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ ከተረፈ አልኳት። ያዘዝኳት ጫማ ቢቀር ግድ የለም።